በሰው እጅ የሚላክ ፖስታ

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ ስመለስ አውቶቡሳችን ሲሬ ላይ ለምሳ ቆመ። ከምግብ ቤቱ ደጃፍ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ መኪና ሊጠብቁ ከነቀምቴ የመጡትን አቶ ወልደዮሐንስን አገኘኋቸው። ከጉራጌ አገር መጥተው ነቀምቴ የከተሙ፣ ሚስማርና ቆርቆሮ፣ አቡጀዲና ሳሙና የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጅ የላቸውም። የቀራቸው ዘመድ መርካቶ ሆኖ ዕቃ የሚልክላቸው ታናሽ ወንድማቸው ተረፈ ብቻ ነው። ወደ ቆመው የጭነት መኪና ሁሉ እየተጠጉ «ከተረፈ የተላከልኝ አለ?» ይላሉ። የለም ይሏቸዋል። ያን የሚያህል ሰው መንገድ ዳር ሲንከራተት ማየት አንጀት ይበላል።

የእርሳቸው ደብዳቤ ፖስታ ቤት ረግጦ አያውቅም። የሚያመላልሰው ሞረዳ የሚባል ሾፌር ነበር። እርሱ የእርዳታ እህል ሊጭን ወደ አሰብ መስመር ከተመደበ ወዲህ ላገኙት ሾፌር ሁሉ ቢሰጡም አንድ መልስ አልመጣም። ሱቁ ባዶ ሆኗል፤ ተረፈ ይኑር ይሙት አያውቁም።

አብራኝ የተሳፈረችው ጎረቤታቸው ድርቤ፣ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ በሒሳብ ሠራተኛነት የተቀጠረች ልጅ ናት። ወርዳ «አካም ጅርቱ፣ አባ ኮ?» ብላ፣ አባቴ እንደማለት፣ በኦሮምኛ ሰላም እያለች ጎንበስ አለችላቸው። ነገሩን ስትሰማም የፖስታ ሣጥን እንዲከራዩ መከረቻቸው።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣» አሉ፤ አፋቸው ኦሮምኛውን ከለመደ ቆይቷል፤ «አደራ የሚሰጠው ለሰው ነው። መሥሪያ ቤት የእኔን ከሺህ ሰው ደብዳቤ ጋር ቀላቅሎ፣ ምን ብሎ ያስታውሰዋል?»

«ማስታወስ አያስፈልገውም፤ ቁጥርዎን ያያል። ሞረዳ ሲሄድ ደብዳቤዎ አብሮት ቀረ። እዚያ ግን አንዱ ሠራተኛ ቢቀር ሌላው ይተካል።»

«ከፍተው ቢያነቡትስ?»

«አሁንስ ያላነበበው ማን አለ፣ አባ ኮ?»

እውነቷን ነው። በሰው እጅ የሚላክ ፖስታ አይታሸግም፤ ማሸግ ተሸካሚውን አላመንኩህም ማለት ስለሆነ ነውር ነው። እርሳቸው ያዘዙትንም ተፎካካሪዎቻቸው ዕቃው ሳይጫን ያውቁት ነበር። እኔም የመምህርነት አመሌ ይዞኝ ይህን ላብራራ ስጀምር ሽማግሌው በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ይህን አጥቼው አይደለም፤» አሉ ቀስ ብለው። «ሞረዳ ሲመጣ ቁጭ ይላል። ተረፈ ከሳ፣ ሳቀ፣ ጋቢ ገዛ ይለኛል። ሣጥኑን የወንድሜን ነገር ብጠይቀው ምን ይመልስልኛል?»

 ድርቤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ለምን ወንድምዎን ራሳቸውን አይጠይቋቸውም?» አለች።

«ሾፌር በሚያነበው ወረቀት?»

«ታሽጎ በሚሄደው።»

 አቶ ወልደዮሐንስ ለወንድማቸው ከሚስማርና ከሳሙና ሌላ ነገር ጽፈው እንደማያውቁ የታወቃቸው ያኔ ይመስለኛል። አውቶቡሱ ጥሩምባውን ሲነፋ አብረውን ተሳፈሩ።

ነቀምቴ እንደገባን ሣጥን ተከራዩ። ተረፈስ ዱሮም የራሱ ሣጥን ነበረው፤ እምቢ ያሉት እርሳቸው ነበሩ። ዛሬ ትእዛዛቸው በጊዜው ይደርሳል፤ የንግድ ምሥጢራቸውም ከገበያተኛ አፍ ድኗል። ነጋዴዎቻችን ይህን ልብ ይበሉልኝ፦ ሥራን ሁሉ በአንድ ወዳጅ ትከሻ ላይ መጫን ወዳጁንም ሥራውንም መበደል ነው።

የመጀመሪያው መልስ የመጣ ዕለት ሱቃቸው ውስጥ ነበርኩ። ቀድሞ የተረፈን ደብዳቤ ጮክ ብለው ነበር የሚያነቡት። ያን ቀን ለብቻቸው ደጋግመው አነበቡና ኪሳቸው ከተቱት። ዕቃውስ አልኳቸው።

«ይመጣል፤» አሉኝ። ደብዳቤው ያለበትን ኪስ ዳሰስ አድርገውም፣ «ተረፈም ሚስቱ ጥላው ከሄደች ቆይታለች። ራቱን ብቻውን ነው የሚበላው። ሾፌሮቹ እንዳይሰሙበት ብሎ ነው ያልነገረኝ።»