መጋረጃ የፈረደባቸው እማማ

ክቡራትና ክቡራን፣ የቤተ ክርስቲያናችን የርኅራኄ ኮሚቴ አባላት፣ ክቡር ሰብሳቢያችን፣ ክብርት ምክትል ሰብሳቢ፣ ማለትም አክስቴ፤

ይህን ሽኝት ስላሰናዳችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ብርድ ልብስ ለመስጠት አራት ስብሰባ የሚፈጅብን ሰዎች፣ እኔን ለመሸኘት በአንድ ስብሰባ መወሰናችሁ ልቤን ነክቶታል። ጋሼ ሰብሳቢ «ተቃውሞ ያለው አለ?» ሲሉ አንድም ሰው አላሳለም።

እንደምታውቁት ከነገ ወዲያ የነርስነት ትምህርት ልማር ወደ ሌላ ከተማ እሄዳለሁ። የኮሚቴው ጸሐፊ ሆኜ ሁለት ዓመት ቆይቻለሁ። ጸሐፊ የሆንኩት ጸሎቴ ተሰምቶ አይደለም፤ አክስቴ «ጽሕፈቷ ያምራል፤ አፏን እኔ እቆጣጠራለሁ» ብላ ስለጠቆመችኝ ነው። ከሁለቱ አንዱ ተሳክቷል።

ከእናንተ ብዙ ተምሬአለሁ። ለምሳሌ ድህነት እንዲሁ አይታመንም፤ መጣራት አለበት። ችግረኛው መጀመሪያ ቅጽ ይሞላል። ከዚያ ቤቱን ልናይ እንደምንመጣ ከሳምንት በፊት ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይደርሰዋል። ከዚያ ሦስት ሆነን እንሄዳለን። ጌታችን ሽባውን ሲፈውስ ይህ አሠራር ገና አልተዘረጋም ነበር። ያ ሁሉ ሰው ሳይጣራ የዳነው ለዚህ ይመስለኛል።

ሳቁ፣ ግዴለም። ጋሼም ስቀዋል።

አሁን የእማማን ነገር ላንሳ። የመዘምራኑን ልብስ ሃያ ዓመት ያጠቡልንን እማማን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። እግራቸው እምቢ ካላቸው ዓመት ሊሆነው ነው። መጋዘናችን ውስጥ ደግሞ አንድ ተሽከርካሪ ወንበር አለ፤ አንድ ምእመን ከሰጡን ጀምሮ ከነማሸጊያ ላስቲኩ ተቀምጧል። «የሚገባው ሰው እስኪገኝ» ነው የምንለው። እማማ አመለከቱ፤ ቅጽ ሞሉ፤ ደብዳቤው ደረሳቸው። ጋሼ፣ አክስቴና እኔ ሄድን።

ምን አገኘን? ግድግዳው ኖራ ተቀብቷል። መስኮቱ ላይ ወይን ጠጅ መጋረጃ ተሰቅሏል። ሦስት የሚያብረቀርቁ ወንበሮች ተደርድረውልናል። እማማ አልጋቸው ጫፍ ላይ ንጹሕ ለብሰው «እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ቤቴን አከበራችሁት» አሉን። ሻይ ቀረበ። ጋሼ ሁለት ብርጭቆ ጠጡ።

ከበሩ ሳንርቅ አክስቴ ጀመረች።

«መጋረጃውን አዩት ጋሼ? እኔ ቤት እንኳ እንዲህ ያለ የለም።»

«ወንበሩስ ብትይ። ወገቤ እንደዛሬ ተመችቶት አያውቅም።»

«የተቸገረ ሰው እንዲህ አይኖርም።»

«አይኖርም። ጻፊ ልጄ።»

ጻፍኩ። «የአመልካቿ ኑሮ ከኮሚቴው አባላት ኑሮ የተሻለ ሆኖ በመገኘቱ፣ ጥያቄያቸው ተቀባይነት አላገኘም።» ጽሕፈቴ እንደተለመደው ያምር ነበር።

መንገዱን ካጋመስን በኋላ ጃንጥላዬን እማማ ቤት መርሳቴ ትዝ አለኝና ተመለስኩ። ጎረቤታቸው ዳቦ ሻጯ አልጋው ላይ ቆማ መጋረጃዋን ታወርዳለች። ልጆቿ ወንበሮቹን ተሸክመው ይወጣሉ። እማማ መሬት ላይ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠው፣ በእጃቸው እየተገፉ የጠጣንበትን ብርጭቆ ይሰበስባሉ።

«እማማ፣ ይሄ ሁሉ የውሰት ነው እንዴ?»

«ታዲያ የማን መስሎሽ ነበር?»

«ለምን አልነገሩንም?»

«እንግዳ እንመጣለን ብላችሁ ደብዳቤ ጻፋችሁልኝ። ለእንግዳ ጉድ ይታያል እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ብርጭቆዎቹን እየደረደሩ ደግሞ «ጋሼን ወንበሩ ተመቻቸው?» ብለው ጠየቁኝ።

ተመችቷቸዋል አልኩ። ምን ልበል?

በሚቀጥለው ስብሰባ ያየሁትን ተናገርኩ። ጋሼ አዘኑ። የምሬን ነው፣ መነጽራቸውን አውልቀው እስኪጠርጉ ድረስ አዘኑ። ከዚያ «ነገር ግን ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል። በደንባችን መሠረት ውድቅ የሆነ ማመልከቻ እንደገና የሚታየው ከስድስት ወር በኋላ ነው» አሉ። አክስቴም «ደግሞስ ማን ተዋሱ አላቸው?» አለች። ስድስት ወር ሙሉ እማማ በጆንያ ተጎተቱ። ወንበሩ ላስቲኩ ውስጥ ደልቶት ተቀመጠ።

እኔስ? በየሳምንቱ እየሄድኩ ውሃ እቀዳላቸው ነበር። በሄድኩ ቁጥር ይመርቁኛል። ያንን ወረቀት የጻፈችው ይህችው እጅ መሆኗን ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። እናንተ ላይ የምቀልደው ራሴን ነጻ ለማውጣት እንዳይመስላችሁ።

ስድስት ወሩ ያለቀው ዛሬ ነው። የዛሬው አጀንዳ የእማማ ጉዳይ ነበር፤ ለእኔ ሽኝት ሲባል ወደሚቀጥለው ወር ተላልፏል። የእኔ ኬክ የእማማን እግር ቀደመ ማለት ነው። እስቲ ይሄ ኬክ በየት በኩል ይወርድልኛል?

ስለዚህ ክቡር ሰብሳቢ፣ አባላቱ ሁሉ አሉ፤ ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል፤ እኔም እስከ ነገ ድረስ ጸሐፊ ነኝ። ወንበሩ ዛሬውኑ ለእማማ ይሰጥ የምትሉ እጃችሁን አንሱ።

አመሰግናለሁ። እዚያ ጥግ ያላችሁ፣ እጅ ነው ያልኩት፣ ሹካ አይደለም። አክስቴ፣ እያየሁሽ ነው። እግዜር ይስጥሽ። ጋሼስ?

«ደንቡስ ልጄ?» ይሉኛል።

ደንቡ ጆንያ ላይ አልተቀመጠም ጋሼ፤ እሱ መጠበቅ ይችላል።

ተባረኩ። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል፤ ይኸው እየጻፍኩ ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ ኪስዎ ውስጥ ነው፤ ገፊውም እርስዎ ነዎት። እኔ ቀድሜያችሁ ልሂድ። እናንተ ሳትደርሱ ለእማማ የምናዘዘው ነገር አለኝ።

ሁለት ዓመት ችላችሁኛልና ብድራታችሁን እግዚአብሔር ይክፈላችሁ። ለጋሼ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልን። አክስቴን ከነቁጣዋ ያቆይልኝ። ለሚቀጥለው ጸሐፊ ጽሕፈቱ ባያምርም «አልጽፍም» የሚልበት አንደበት ይስጠው። እናንተንም ከሚሰጥ እጅ አያጉድላችሁ፤ የመቀበል ተራ ሲደርሳችሁ ደግሞ፣ ከእናንተ ቀድሞ የሚያፍር ሰጪ ይላክላችሁ።