አልጋ ያላት ሚኒባስ

አልጋ ማለት ሰው የሚተኛበት ዕቃ ነው፤ ካዛንቺስ ውስጥ ግን የት እንደተዘረጋም ይታያል። አዋሽ ፓርክንና የአፋርን በረሃ ብቻዬን ልዞር ብዬ፣ አሮጌ ሚኒባሴን ቡልጋሪያ ሠፈር ወዳለ ጋራዥ ወስጄ አልጋና ምድጃ አስገጠምኩላት። ለሙከራም በራችን ላይ አቁሜ አደርኩባት። ጠዋት የሠፈራችን ሽማግሌዎች መስኮቷን አንኳኩ።

«ልጄ፣ ባልና ሚስት ይጋጫሉ፤ መኪና ውስጥ ግን አይታደርም» አሉኝ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ተሰማ።

«ኧረ አልተጣላንም ጋሼ። በረሃ ልወርድ አልጋውን እየሞከርኩ ነው።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

ጋሽ ተሰማ ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው «ብሶበታል» አሉ።

ስንቄን ስታዘጋጅ የሰነበተችው ባለቤቴ ከኋላቸው ቆማ «እውነት ግን፣ ከምን ልትሸሽ ነው?» አለችኝ። ከሚኒባሷ ወረድኩ። ሽማግሌ እንቢ አይባልምና፣ ያልተጣላነው ባልና ሚስት የሽማግሌዎቹን ጉልበት ስመን ታረቅን። በእርቁ መሠረት ሚኒባሷ ተሸጠች። በረሃውን እስካሁን አላየሁትም።