የአራተኛው አልጋ ጨው

ግቢ ሲስተርዬ፣ ቁጭ በይ። በሩን ተይው፣ ክፍት ይሁን፤ ይሞቃል። ከማዶ ከዶክተሩ ቢሮስ ማን ይሰማናል? ሁሉም ሥራ ላይ ነው... ልጆችሽ ደህና ናቸው? እሰይ።

እኔማ ይኸው የኩሽና ሚዛኔን እየወለወልኩ ነው። ነገ ስብሰባ ላይ ከሥራ ካባረሩኝ እንኳ እያብረቀረቀ ይረከቡት ብዬ። «ጨው የበዛው ከኩሽና ነው» ብለው ዶክተሩ ጽፈውብኛል። እንዴት ያለ የእጅ ጽሑፍ! የተማረ ሰው ሲከስ እንኳ ያምርበታል።

ስድሳ ቀን ሰው ራሱን ቁልቁል፣ እግሩን ሽቅብ አስተኝተን፣ አጥንቱ ጠፈር ላይ ያለ እስኪመስለው የምንደክመው ለምንድን ነው? ጨው የቀነሰና ዓሣና አትክልት የበላ ጠፈርተኛ አጥንቱ ይተርፍለት እንደሆነ ለማየት አይደል? ያስተማሩን እኮ እሳቸው ናቸው። «ጨው ያበዛ ሰው አጥንቱን ይሸናዋል» ሲሉ ዕንባዬ ነው የመጣው... ታዲያ አንቺ ስትለኪ የሰባቱ ደህና ሆኖ፣ የአራተኛው አልጋ ካልሲየም ብቻ በሽንት ይጎርፋል። ከአንድ ድስት በልተው! የኔ ጨው አልጋ ይመርጣል እንዴ?

ትጉህ ናቸው መቼም። ሌላውን አልጋ የሚጎበኙት በሳምንት አንዴ፣ አራተኛዋን በቀን አራቴ... ልጅቷ ቆንጆ መሆኗን ያዩም አይመስለኝ፤ አጥንቷን ነው የሚያዩት። ወደሷ ሲሄዱ የጋዋናቸው ኪስ ኮሽ ኮሽ ሲል፣ እኔ ሞኟ ልብሱን ያደረቀው ስታርች መስሎኝ! ትናንት ትሪ ላነሳ ጎንበስ ብል፣ አልጋው ሥር አምስት የቺፕስ ከረጢት። ከሳቸው ጠረጴዛ ሥር ካለው ካርቶን ጋር ቁርጥ እናትና ልጅ። ፍርፋሪ እንኳ የላቸውም፤ የኔን ዓሣ እንዲህ አሟጥጣልኝ አታውቅም።

ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባል ነበር፤ እሳቸው ለሰው ሲሉ ነው የሚጣፍጡት። እኔ ምን አገባኝ? ሆድ ያባውን ሽንት ያወጣዋል። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ግራም ሳልሳሳት ግን... ያቃጥላል ሲስተርዬ፣ አልዋሽሽም።

ቂም የለኝም። ከረጢቶቹን በፖስታ አድርጌ ነገ ይዣቸው እቀርባለሁ፤ የሰው ንብረት አይጥፋ ብዬ። ኧረ ከማዶ ወንበር ተንቋቋ? ነፋስ ይሆናል። ጮክ ብዬ ልመርቃቸው እንግዲህ፦ ዕድሜ ይስጣቸው፣ ለጋስ እጃቸው አይታጠፍ... ከዚያ ከፍ ካለው ወንበር በሚወርዱባት ቀንም፣ አንዲት እንኳ እንዳትሰበርባቸው አምላክ አጥንታቸውን ያጽናላቸው።

አሜን በይ እንጂ።