ወንበሩ ሰው አለው

ደብረ ማርቆስ ውስጥ እኔና ጓደኛዬ ይርጋ የማንጠፋባት አንዲት ቪዲዮ ቤት ነበረች። ይርጋ ዲማ ቅኔ ሲማር ቆይቶ ኋላ ልብስ ሰፊ የሆነ ሰው ነው። ያ ስንት ክፍል የወጣለት የሰላይ ፊልም አዲስ ተዋናይ ይዞ ሊመጣ ነው ሲባል፣ "ሰውዬው ከተቀየረማ ምን ፊልም አለ!" ብዬ ተነሣሁበት። እሱ ሳቀብኝ። "ወንድሜ፣ ይኼ እኮ ወንበር ነው። የኔታ ሲያርፉ ደቀ መዝሙራቸው በወንበራቸው ይተካ የለም? እሱም የኔታ ይባላል። ፊልሙ ሲመጣ አብረን አይተን ትፈርዳለህ" ብሎ ቀጠረኝ።

ፊልሙ ሳይመጣ ይርጋ በሦስት ቀን ሕመም ሞተ።

ፊልሙ የመጣ ዕለት ቤቱ ጢም ብሏል። አንድ የማላውቀው ጎልማሳ አጠገቤ ያለውን ወንበር ያዝ አድርጎ፣ "ሰው አለው?" አለኝ። ሳላስበው፣ "አዎ፣ አለው" አልኩት። ምስኪን፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ጨረሰው። እኔ ግን ምን እንዳየሁ አላውቅም። መብራት ሲበራ ሰውዬው ባዶውን ወንበር አየና፣ "ጓደኛህ ቀረ እንዴ?" አለኝ።

"አዎ" አልኩት፤ "ቀረ።"