የፈርሂያ መህር

በሁለት ሺህ አራት ዓ.ም. በመጋቢት ወር፣ ወግዲ ያለች የታመመች እህቴን ጠይቄ ወደ መካነ ሰላም ስመለስ፣ የተሳፈርንበትን ሚኒባስ ጭቃ ያዘውና ሁላችንም ወረድን። ገደል ሳይከተን ጭቃው ስለያዘን አላህን እያመሰገንሁ ዞር ስል፣ ከፊት ወንበር የወረዱትን አቶ አሕመድኑርንና ልጃቸውን ፈርሂያን አየኋቸው።

በዚያ ሳምንት ፊቱን ማየት የማልፈልገው ሰው ቢኖር እሳቸው ነበሩ። ልጄ ሙሐሲን ፈርሂያን ይወዳል፤ እሷም ትወደዋለች። ሽማግሌ ልከን ባል ለሚስቱ የሚሰጠውን መህር ብንጠይቅ አባቷ፣ «መህሯ የአንገት፣ የጆሮና የእጅ ወርቅ ነው። ከሌለው ሄዶ ሠርቶ ያምጣ» አሉን። ልጄ አናጢ ነው፤ ወርቅ ከየት ያምጣ? በባሕር ወደ ሳዑዲ ከሚያሻግር ደላላ ጋር ለሐሙስ ተቀጣጠረ። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። እኔማ በሐሳቤ ስንት ጊዜ አስምጬዋለሁ!

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጋሼ።»

«ወዓለይኩሙ ሰላም፣ እናኑ። እህትሽ ዳነች?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ተሽሏታል። ግን ይመለስባታል ብዬ እፈራለሁ።»

«አንቺ ደግሞ! ዝናብ ሲጠፋ ድርቅ ነው፣ ሲመጣ ጎርፍ ነው ትያለሽ» ብለው ሳቁ።

ወጣቶቹ መኪናውን ሲገፉ እኛ ከመንገዱ ዳር ተቀመጥን። ፈርሂያ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ትማራለች። ከትምህርት ቤት የተዋሰችውን ሽፋኑ የተገነጠለ የድሮ ልብ ወለድ ገለጠች።

«ታሪኩን ጨርሽልኝ» አሏት አባቷ። ወደ እኔም ዞረው፣ «ስሚ እናኑ፤ የድሃ ልጅ የሀብታም ልጅ ይወዳል። አባቷ ‹ሰባት በቅሎ ጭነህ ና› ቢሉት፣ አገር ጥሎ ወጣ። ወንድ ማለት እንዲህ ነው!» አሉኝ።

«አባ፣ ሰባቱ ሲሞላለት ለምን አልተመለሰም?» አለች ፈርሂያ።

«እንዴ፣ አልተመለሰም?»

«ሌላ ሰባት ልጨምር አለ፤ ከዚያም ሌላ ሰባት። ናፍቆቱ ቀስ በቀስ ንግድ ሆነ። እሷ መንገድ መንገዱን እያየች ፀጉሯ ሸበተ።»

«ኋላስ?»

«ኋላማ መጣ።» የመጨረሻውን ገጽ አነበበችልን። የልጅቱ አባት ጃጅተዋል። ደጃፋቸው የቆመውን ባለ በቅሎ ቀና ብለው አዩትና፣ «ማነህ? ምን ትሸጣለህ?» አሉት።



«ልጄ፣ እኔን ስስታም አድርገሽ አትይኝ» አሉ አቶ አሕመድኑር። «እህትሽን ዙሀራን ስድር መህሯን በአፍ ብቻ ተቀበልሁ። ባሏ ሲፈታት በለበሰችው ልብስ መጣችብኝ። ወርቁን ለራሴ የፈለግሁት ይመስልሻል? ክፉ ቀን ቢመጣ የሰው እጅ እንዳታዪ ብዬ ነው።»

ይህን አላውቅም ነበር። ወርቅ ወዳድ እያልሁ ሳማቸው፣ ለካ እሳቸውም እንደኔ ክፉ ቀን የሚታያቸው ሰው ናቸው። ያን ጊዜ ደፈርሁ።

«ጋሼ፣ እርስዎ የሚፈሩት ክፉ ቀን ሊመጣም ሊቀርም ይችላል። የልጄ ክፉ ቀን ግን ሐሙስ ነው።»

«ምን ሐሙስ?»

«በባሕር ሊሄድ ነው።»

«በባሕር! እኔ በአውሮፕላን መስሎኝ!»

«ወርቅ ያጣ ልጅ የአውሮፕላኑን ከየት ያመጣዋል?»

ፈርሂያ መጽሐፉን አጠፈች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። «አባ፣ ወርቅ በክፉ ቀን ይሸጣል፤ ያልቃልም። መህሬ ጊደር ትሁንልኝ፤ እሷ ትወልዳለች፣ ትታለባለች። ትምህርቴን እንዳያስቆመኝም በኒካሁ ውል ይጻፍ። ዙሀራን የጎዳት ወርቅ ማጣቷ ብቻ ነው? ከአራተኛ ክፍል አስወጥተን ዳርናት እኮ።»

«ሰውስ? ‹አሕመድኑር ልጁን በጊደር ዳረ› ሲል?»

«ሰው ሠርጉን በልቶ ይሄዳል» አልኋቸው። «ሙሐሲንን ባሕር ቢበላው፣ ከሷ ጋር ለቅሶ የምንቀመጠው እኔና እርስዎ ነን።»

አቶ አሕመድኑር ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «ሸሁም መህር ሲቀል በረካው ይበዛል ይሉናል። መስጊድ ‹እውነት ነው› እላለሁ፤ ቤቴ ስደርስ ይጠፋኛል። በይ ደውይለት።»

ደውዬ ስልኬን ሰጠኋቸው። «ስማ ልጄ፣ ለዚያ ደላላ አልመጣም በለው። ሐሙስ ቀጠሮህ ከእኔ ጋር ነው። ጊደሯ ግን ከሲታ እንዳትሆን!»

ኒካሁ ከፈርሂያ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኋላ ታሰረ። ጊደሯ ሁለቴ ወልዳለች፤ የወተቱ ገቢ የፈርሂያ ነው። እሷ ደሴ ኮሌጅ ገብታ መምህርነት ትማራለች፤ ሙሐሲን እዚሁ በርና መስኮት ይሠራል። ዙሀራም በማታው ክፍል ትምህርቷን ጀምራለች። ወላጆች ሆይ፣ ለልጆቻችን ክፉ ቀን መፍራታችን ከፍቅር ነው። ነገር ግን የወንዱን ልጅ ነፍስ ለአደጋ ሰጥተን ለሴቷ ልጅ ዋስትና አናገኝም። መህሩን እናቅልል፤ ሴት ልጅን እናስተምር፤ የሚዋደዱትን ቅርብ ለቅርብ እናኑራቸው።

ፈርሂያ በወር አንድ ጊዜ ትመጣለች። ሙሐሲን መኪናው ከመድረሱ ሁለት ሰዓት ቀድሞ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ መናኸሪያ ይቆማል። እኔም አብሬው እቆማለሁ፤ መንገዱ ክፉ ነውና።