የተመለሰው ፕሮግራም

ከአንዋር መስጊድ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ፣ ዱባይ ተራ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ከአጠገቡ ለተቀመጡት ሴትዮ ብሶቱን ያወራል።

«እትዬ፣ የምሸጠውን የሂሳብ ፕሮግራም ባለሱቁ ጎረቤቴ በኔትወርክ ገብቶ ገለበጠብኝ።»

«ገለበጠ ማለት?»

«ሰረቀኝ በሉት።»

«አሁን ባዶህን ቀረህ?»

«አይ፣ የእኔማ አለ።»

«ታዲያ ምንህን ሰረቀህ?»

«ሽማግሌዎቹም እንደዚሁ ነው የጠየቁኝ።»

«ሽማግሌ ድረስ ደረሳችሁ?»

«አዎ። የሰው ንብረት መልስ ብለው ፈረዱበት። በፍላሽ አምጥቶ ፊታቸው አስቀመጠ፣ ተሳሳምን።»

«ተመስገን። አለቀ በለኛ።»

«የት አልቆ። ዛሬም እሱ ጋ አለ።»

«መልሶ ሰረቀህ?»

«አይ፣ የድሮው ነው።»

«ቆይ፣ ፕሮግራሙን የሠራኸው አንተ ነህ?»

«የፈረንጅ ነው። ያለ ክፍያ እንዲሠራ ደክሜ ቁልፉን የሰበርኩት ግን እኔ ነኝ።»

«ፈረንጁ ለሽምግልናው አልተጠራም?»

«አድራሻውን ማን ያውቃል።»

«ፍላሹስ?»

«ዳግም እንዳትጣሉበት ብለው ሽማግሌዎቹ ያዙት። አሁን የሦስቱም ሽማግሌዎች ሱቅ በሱ ነው የሚሠራው።»

«እና ዝም አልካቸው?»

«ሽማግሌ ለማን ይከሰሳል፣ እትዬ?»

ጭኔ ላይ የያዝኩትን ላፕቶፕ በነጠላዬ ሸፈን አደረግኩት።