የፈረንሳዊው ሽማግሌ ወይን

አንድ ፈረንሳዊ ሽማግሌ ከኤርፖርት ጭኜ ወደ ዳውንታውን ዴንቨር ስነዳ፣ እዚሁ የተወለደችው ልጄ ኦሮራ ካለው ቤታችን ደወለች። እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ ጀመረች፤ እኔም እንደ ልማዴ «በአማርኛ ካልሆነ አልሰማም» ብዬ ዘጋሁባት። ሽማግሌው ምን እንደተባባልን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው መምከር ይወዳልና ምክሩን ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ስለ ወይን አነሱ። ዘር ማንዘራቸው ወይን ጠጅ ጠማቂ ነው። በቅድመ አያታቸው ጊዜ ተባይ የወይኑን ሥር በልቶ ጨረሰው። የቅድመ አያታቸው ልጆች ተባዩን የሚቋቋም የወይን ሥር ከአሜሪካ አስመጡና የፈረንሳዩን ቅርንጫፍ እሱ ላይ ቀጠሉት።

«ቅድመ አያትዎ ደስ አላቸው?» አልኳቸው።

«ምን ደስ ይላቸዋል! ‹ይሄ የእኛ ወይን አይደለም› ብለው እስኪሞቱ አልቀመሱትም» አሉ። «ወይኑ ምንም አልሆነ፤ በቤተሰባችን ስም እስከ ዛሬ የምንሸጠው እሱኑ ነው። የቀረባቸው እሳቸው ናቸው።»

ሆቴሉ በር ላይ ሻንጣቸውን አውርጄ ልነሳ ስል ስልኬ ጮኸ።

«ዳድ፣ ፕሊስ!» አለች።

«ወዬ» አልኳት።